ብረቱ ባይረን

ክንዱ አንድ ብቻ ነው። ዓይን የለውም፤ ኳሷን አያይም። ጉልበትና ወገብ የለውም፤ መሬት ላይ የተተከለ የብረት ምሰሶ ነው። ከምሰሶው አናት ረጅም ክንድ ይወጣል፤ ክንዱ ጫፍ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍ አንጓ አለ፤ አንጓው የጎልፍ ዱላ ጨብጧል። ሠራተኛው ኳሷን መቆሚያዋ ላይ አስቀምጦ ገለል ይላል። ክንዱ ወደ ኋላ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ኳሷ ትበራለች። ሌላ ኳስ ይቀርባል። ሁለተኛዋ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ትመታለች፤ ሃያኛዋም ልክ እንደ ሁለተኛዋ።

መሣሪያው በአሜሪካ «አይረን ባይረን» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብረቱ ባይረን» ማለት ነው። የተሠራው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የጎልፍ ሰዎች ለልምምድ የሚገዟቸው መሣሪያዎች ተቆጥረው አያልቁም፤ መረብ፣ ክር ላይ የታሰረች ኳስ፣ የዱላውን መንገድ የሚመራ ትልቅ ቀለበት፣ አመታቱ ሲበላሽ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ዘንግ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ሰውን ለማስተካከል ነው። ብረቱ ባይረን ግን ራሱ ከሰው የተቀዳ ነው። ሰውየው ባይረን ኔልሰን ይባላል፤ ቴክሳስ የተወለደ፣ በልጅነቱ የሰው ዱላ እየተሸከመ ጎልፍን የተማረ፣ ገና በ34 ዓመቱ ውድድሩን ትቶ ከብት ርቢ የገባ ሰው።

ጎልፍን በቅርብ አይቶ የማያውቅ አንባቢ ገናን ያስብ። በገና ጨዋታ ጥንጓ ትሮጣለች፣ ተጫዋቹም እየተጋፋ ይከተላታል፤ ምቱ ቢበላሽ ግፊያው፣ አቧራው፣ የባላጋራው ዱላ ምክንያት ይሆናል። የጎልፍ ኳስ ግን ሣር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የሚሻማት የለም። መቺው ተረጋግቶ ይቆማል፣ እግሩን ያስተካክላል፣ ዱላውን ያነሣል፣ ከዚያም ይስታል። ኳሷ 46 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ስፋቷም ከ4 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የዱላው ራስና ኳሷ የሚነካኩት ለአንድ ሰከንድ ሁለት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። የምቱ ስሜት ከእጅ ተነሥቶ አእምሮ ዘንድ ሲደርስ ኳሷ ከዱላው ከተለየች ቆይታለች። በምት መሐል ማረም የሚባል ነገር ስለዚህ የለም። ምቱ የሚሰምረው ከመጀመሪያውኑ ሰምሮ ከመጣ ነው፤ የጎልፍ ሰው ዕድሜውን በልምምድ የሚጨርሰውም ለዚህ ነው።

ይህን ምት በመሣሪያ ለመመርመር ቀድመው ከተነሡት አንዱ ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። ቴት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ የዕረፍት ጊዜውን ደግሞ ሴንት አንድሩስ ሜዳ ላይ ያሳልፋል። ልጁ ፍሬዲ በ1896 እና በ1898 የብሪታንያን የአማተሮች ሻምፒዮና ያሸነፈ ዝነኛ መቺ ነበር። አባት ፊቱ በሸክላ ጭቃ የተለበጠ ፔንዱለም ሰቅሎ ኳስ ያስመታበታል፤ ጭቃው ኳሷን ይዞ ያስቀራል፤ ፔንዱለሙ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ታይቶ የኳሷ ፍጥነት ይሰላል። እሽክርክሪቷን የቆጠረበት ዘዴ ከዚህም የቀለለ ነው። ኳሷ ላይ ስስ ጥብጣብ አሰረ፤ ተመትታ ጭቃው ላይ ስትጣበቅ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደተጠማዘዘ ቆጠረ። በቃ። ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ቴት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው ጽሑፎች የጎልፍን ሰው የቆየ እምነት የሚገለብጡ ነበሩ። በዘመኑ ማንኛውም የኳስ እሽክርክሪት የመቺው ጥፋት ተደርጎ ይታይ ነበር። ቴት ግን ከታች ተገርፋ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች የምትሄድ ኳስ አየሩ ወደ ላይ እንደሚደግፋት አሳየ፤ እሽክርክሪት ከሌላት ጉልበት ብቻውን ሩቅ አያደርሳትም። ፍሬዲ በ1900 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቦር ጦርነት ላይ በ30 ዓመቱ ተገደለ። አባቱ በዓመቱ ተከተለው። ከእነርሱ በኋላ ምቱን በቁጥር ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ አንድ እንቅፋት ይገጥመው ነበር፦ ለመለካት ያንኑ ምት ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይመታም። ሻምፒዮኑ ፍሬዲ እንኳ አይመታም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እርሻ መሣሪያ ይዞራል።

እስከ 1920ዎቹ ድረስ የጎልፍ ዱላ ዘንግ የሚሠራው ሂከሪ ከሚባል የአሜሪካ ጠንካራ እንጨት ነበር። ሂከሪ ይለምጣል፣ ቶሎ አይሰበርም፤ ሆኖም በምት ጊዜ ይጠማዘዛል። ዘንጉ ሲጠማዘዝ የዱላው ፊት ወደ ጎን ይከፈታል። መቺው ይህን ለማካካስ ሁለት እጁን በትክክለኛዋ ቅጽበት አዙሮ ፊቱን መልሶ መዝጋት ነበረበት። በዚያ ላይ እንጨት እንጨት ነውና አንዱ ዘንግ ከሌላው አይመሳሰልም። ጥሩ መቺ ዱላዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየመዘነ፣ እያጎበጠ፣ ለዓመታት ያሰባስባል፤ የያንዳንዱንም ጠባይ ለይቶ ያውቃል። ለአንዱ ዱላ የሚበጀው የእጅ መላ ለሌላው አይበጅም።

የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1924 የብረት ዘንግ ፈቀደ። በብሪታንያ በኩል ሕጉን የሚያወጡት የሴንት አንድሩስ ሰዎች እስከ 1929 ድረስ ቆይተው እነርሱም ፈቀዱ። በ1931 ቢሊ በርክ የአሜሪካን ኦፕን በብረት ዘንግ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዘንጎቹን በብዛት ከሚያወጡት ፋብሪካዎች አንዱ ኦሃዮ ውስጥ ነበር፤ ስሙም ቃል በቃል ሲመለስ «የአሜሪካ መንሽና መኮትኮቻ ኩባንያ» ነው። መንሽ፣ አካፋና መኮትኮቻ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። ለዕቃዎቹ የሰጠው የንግድ ስም «ትሩ ቴምፐር» ነው፤ ሙቀቱ በልኩ ተመጥኖለት የጠነከረ ብረት ማለት ነው። ከ1949 ጀምሮ ኩባንያው ራሱ በዚህ ስም መጠራት ጀመረ። ብረትን እያሞቁና እያቀዘቀዙ ማጠንከር አንጥረኛ ሁሉ የሚያውቀው ሙያ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ያ ሙያ ከአካፋ ወደ ጎልፍ ዱላ ተሻገረ።

በብረት ዘንግ አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዱላ በሺህ የሚቆጠር ማውጣት ቻለ። ማሺ፣ ኒብሊክ እየተባሉ በስም ይጠሩ የነበሩት ዱላዎች በቁጥር መጠራት ጀመሩ። ተጫዋቾችም ለያንዳንዷ ርቀት አንድ ዱላ እየጨመሩ ቦርሳቸውን ሲያጭቁ፣ የአሜሪካው ማኅበር በ1938 ከ14 በላይ መያዝ ከለከለ። ትልቁ ለውጥ ግን ዱላው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ የደረሰው ነው።

ባይረን ኔልሰን በ1912 ዋክሳሃቺ፣ ቴክሳስ ተወለደ። ፎርት ዎርዝ ከተማ ውስጥ ግሌን ጋርደን በሚባል ክለብ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ፣ አብሮት የሚሸከም ሌላ እኩያው ነበረ፤ ቤን ሆጋን። በ1927 በተደረገው የዱላ ተሸካሚዎች ውድድር ሁለቱ የ15 ዓመት ልጆች እኩል ወጡ፤ እንደገና ተጫውተው ኔልሰን በአንድ ምት አሸነፈ። ሁለቱም በዓለም ከታወቁት ታላላቅ መቺዎች መካከል የሚቆጠሩ ሆነዋል፤ አንድ የከተማ ክለብ በአንድ ዘመን እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች ማፍራቱ እስከ ዛሬ ይደንቃል።

ኔልሰን በሂከሪ ተምሮ ወደ ብረት የተሻገረ ትውልድ ነው። በ1930 ገደማ የብረት ዘንግ ሲይዝ የቀድሞው አሰነዛዘሩ አልሠራ አለው። ዘንጉ አይጠማዘዝም፤ እርሱ ግን ከልማድ እጁን ያዞራል፤ ስለዚህ ኳሷ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች። ብዙዎች በዚያ ጊዜ እጃቸውን ትንሽ ቀነስ አድርገው አለፉት። ኔልሰን ነገሩን ከሥሩ አሰበበት። ብረት የማይጠማዘዝ ከሆነ እጅ ማዞር ለምን ያስፈልጋል? ጸጥ ማሰኘት ነው የሚሻለው። ኃይሉ ከእጅ ወርዶ ከእግር ይምጣ። ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ፣ እግሩን ወደ ዒላማው እየነዳ፣ የዱላውን ፊት በኳሷ መስመር ላይ ከሌላው መቺ ይልቅ ረዘም ላለ ርቀት ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ ጀመረ። የዛሬው የጎልፍ አሰነዛዘር ከእርሱ እንደሚጀምር የጨዋታው ሰዎች በሰፊው ይስማማሉ፤ ትክክልም ናቸው።

ውጤቱ በ1945 ታየ። በዚያ ዓመት ኔልሰን 18 ውድድር አሸነፈ፤ ከእነዚህም 11ዱን ከመጋቢት እስከ ነሐሴ መጀመሪያ በተከታታይ። ሰንሰለቱን የበጠሰው ሜምፊስ ላይ ያሸነፈው አማተሩ ፍሬድ ሃስ ነው። የዓመቱ አማካይ ውጤቱ በአንድ ዙር 68.3 ምት ገደማ ነበር፤ ታይገር ዉድስ በ2000 እስኪመጣ ድረስ ማንም ከዚያ አልወረደም። ጊዜው የጦርነት ስለነበረ ጠንካሮቹ አልነበሩም የሚል ክርክር ዘወትር ይነሣል። ነገር ግን ከጠንካሮቹ መካከል ሳም ስኒድና ቤን ሆጋን በዚያው ዓመት ተጫውተዋል፣ አሸንፈዋልም። አማካይ ውጤት ደግሞ ከሜዳው ጋር የሚደረግ ትግል ነው፤ ሜዳ ለውትድርና አይዘምትም። ኔልሰን ራሱ ደሙ ቶሎ የማይረጋ በመሆኑ ሠራዊቱ አልተቀበለውም ነበር። ሽልማቱ ብዙ ጊዜ በጦርነት ቦንድ ይከፈል ነበር፤ እርሱም እያንዳንዷን ድል የሚያስባት ሊገዛው በተመኘው የከብት ርቢ መሬት ልክ ነበር። በ1946 መሬቱን ገዝቶ ሮአኖክ፣ ቴክሳስ ገባ፤ ከሙሉ ጊዜ ውድድርም ወጣ።

ያ ሰው ከብቶቹን እየጠበቀ ሳለ፣ ኦሃዮ ውስጥ የዘንግ ሠሪዎቹ ጭንቀት በርትቶ ነበር። ትሩ ቴምፐር አዲስ ዘንግ በሠራ ቁጥር ለመቺዎች ይሰጣል፤ አንዱ «ግሩም ነው» ይላል፣ ሌላው «አይረባም» ይላል፤ ያው የመጀመሪያው ሰው በማግስቱ ሐሳቡን ይለውጣል። ዘንጉ ነው የተለወጠው ወይስ ሰውየው? የሚያውቅ የለም። በ1963 ኩባንያው ኮሎምበስ ከተማ ያለውን የባቴል ምርምር ተቋም የማይደክም፣ የማይለዋወጥ መቺ እንዲሠራለት ጠየቀ። ባቴል ቀላል ቤት አይደለም፤ ዛሬ በየቢሮው ያለውን የፎቶ ኮፒ ዘዴ ከፈልሳፊው ከቼስተር ካርልሰን ተቀብሎ በ1940ዎቹ ወደ ተግባር ያዳበረው ይኸው ተቋም ነው። ወረቀት መቅዳትን የለመደው ቤት አሁን የሰው አሰነዛዘር ሊቀዳ ተነሣ።

ሥራው ለመሐንዲሱ ለጆርጅ ማኒንግ ተሰጠ። የታላላቅ መቺዎች ምት በፈጣን ካሜራ እየተነሣ ተመረመረ። ከሁሉም የተመረጠው የኔልሰን ሆነ፤ ትርፍ እንቅስቃሴ የሌለበት፣ ሲደገም የማይዛነፍ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኔልሰን አሰነዛዘሩን የፈጠረው የብረት ዘንግ ስላስገደደው ነው፤ አሁን ደግሞ የብረት ዘንግ ሠሪው የራሱን ዘንግ ለመፈተን ተመልሶ ያንኑ አሰነዛዘር መረጠ። ብረት ሰውየውን አስተማረ፣ ሰውየው ደግሞ ለብረቱ አርአያ ሆነ። የመሣሪያውን ስም ያወጡለት ሰዎች ይህን ሁሉ አስበው ይሁን አይሁን፣ «ብረቱ ባይረን» ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር።

በ1966 የመጀመሪያው መሣሪያ ሥራ ጀመረ። ማኒንግ ከሰው አካል ላይ የጣለው ከወሰደው ይበልጣል። ጭንቅላት፣ ቀኝ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር፣ ሁሉም ቀሩ። የተረፉት ሁለት ዘንጎች ናቸው፦ አንዱ የግራ ክንድን የሚተካ፣ ሌላው ራሱ የጎልፍ ዱላው፤ በመካከላቸው የእጅ አንጓን የሚተካ ማጠፊያ። ክንዱ ሲነሣ አንጓው ይታጠፋል። ክንዱ ሲወርድ አንጓው መጀመሪያ እንደታጠፈ ይቆያል፤ ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ዱላው በራሱ ክብደትና በዙረቱ ኃይል ወደ ውጭ ይወነጨፋል። ያን ጊዜ ክንዱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲመጣ የዱላው ራስ ፍጥነት እጅግ ይጨምራል። እህል በሙርያ የወቃ፣ ወይም ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ እጅ ቆም ሲል ጫፉ ይሮጣል።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1960ዎቹ ከአትላንቲክ ማዶ የብሪታንያ የጎልፍ ሶሳይቲ ያሰባሰባቸው ሳይንቲስቶች ከዚሁ ሐሳብ ላይ መድረሳቸው ነው። አላስታይር ኮክራንና ጆን ስቶብስ በ1968 ያሳተሙት የምርምሩ መጽሐፍ የመቺውን አካል ወደ ሁለት ዘንግና አንድ ማጠፊያ አሳንሶ ያቀርበዋል፤ ፊዚክስ ይህን ድርብ ፔንዱለም ይለዋል። ኦሃዮ ላይ መሐንዲስ በብረት የሠራውን፣ ብሪታንያ ላይ ሊቃውንት በስሌት አገኙት።

ከሁለቱም ቀድሞ አንድ እግሩን ያጣ መምህር ይህንኑ በሰንጢ ያስተምር ነበር። ኧርነስት ጆንስ እንግሊዛዊ የጎልፍ ባለሙያ ነው። በ1916 ፈረንሳይ ግንባር ላይ ቆስሎ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ በክራንች ሜዳ ወጥቶ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ እየመታ፣ 18ቱን ጉድጓድ በ83 ምት ጨረሰ፤ ሁለት እግር ያላቸው አብዛኞቹ ተጫዋቾች በዕድሜያቸው የማይደርሱበት ውጤት ነው። ጆንስ ከዚህ የተረዳው አካል ሁሉ ለዱላው ራስ እንደሚታዘዝ ነው። ኋላ ኒው ዮርክ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ ሣር የለም፣ ሜዳ የለም። ተማሪው ሲመጣ መሐረብ አውጥቶ ጫፉ ላይ ሰንጢ ያስርና ያወዛውዘዋል። በእርጋታ ሲወዛወዝ መሐረቡ እንደተወጠረ ይሄዳል፣ ሰንጢውም መንገዱን አይስትም። በእጅ ጉልበት ሊገፉት ሲሞክሩ መሐረቡ ይላላል፣ ሰንጢው ይዘላል። ለልምምድ ከተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ ይህ ጸሐፊ አንዱን ምረጥ ቢባል የጆንስን ሰንጢ ይመርጣል፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ የሚያስተምረው ግን ብረቱ ባይረን ውስጥ ያለውን ያንኑ ነገር ነው።

መሣሪያው ከዘንግ ሠሪዎች እጅ ወደ ኳስ ሠሪዎችና ወደ ሌሎች ዱላ ሠሪዎች ተዛመተ። ትልቁን ሹመት ያገኘው ግን የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ሲወስደው ነው። ማኅበሩ የጨዋታውን ሕግ ያወጣል፤ ከ1942 ጀምሮም የኳስ የመነሻ ፍጥነት በሰከንድ ከ250 ጫማ እንዳያልፍ፣ 2 በመቶ ብቻ እየማረ፣ ወስኖ ነበር። ኳስ ሠሪዎች ግን ከፍጥነት ሌላ መንገድ አገኙ። የኳሷ ገላ ላይ ያሉትን ትናንሽ ስርጉዶች ቅርጽና አደራደር እየቀያየሩ በአየር ላይ እንድትቆይ ማድረግ ያዙ። የመነሻ ፍጥነቷ ሕጉን ያከብራል፤ የምታርፍበት ቦታ ግን በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ሜዳዎቹ ደግሞ አጥር አላቸው፤ እንደ ኳሷ አይለጠጡም።

ስለዚህ በ1976 ማኅበሩ ርቀትን ራሱን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ፈታኙ ብረቱ ባይረን ሆነ። ፋር ሂልስ፣ ኒው ጀርሲ ባለው ሜዳ ላይ የዱላው ራስ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲጓዝ ተደርጎ ኳሷ ትመታ ነበር፤ ከ280 ያርድ፣ ማለትም ከ256 ሜትር፣ ከተፈቀደላት ጥቂት ጭማሪ ጋር ካለፈች ትወድቅ ነበር። ኳሶቹ ከመመታታቸው በፊት ሁሉም እኩል 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ውስጥ ይቆዩ ነበር፤ የሞቀች ኳስ ከቀዘቀዘችው ትርቃለችና። የትልቁም የትንሹም ፋብሪካ ኳስ በዚያ አንድ ክንድ ፊት እኩል ነበር። ሰው ቢሆን መቺው ለማን አደላ ይባል ነበር። በክንዱ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክስ የሚያነሣ አልነበረም።

ሙግት ግን መጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት የካሊፎርኒያ ሳይንቲስቶች፣ የፊዚክስ መምህሩ ፍሬድ ሆልምስትሮምና ኬሚስቱ ዳንኤል ኔፔላ፣ ፖላራ የምትባል ኳስ ሠሩ። የፖላራ ስርጉዶች በሁሉም በኩል አንድ አይደሉም፤ ወገቧ ላይ ያሉት ከሁለቱ ዋልታዎቿ ጥልቅ ናቸው። በትክክለኛው አቅጣጫ ካስቀመጧት፣ ሲመቷት ወደ ጎን ልትጠመዘዝ ስትል ራሷን መልሳ ታቃናለች። ለጀማሪ በረከት ነበረች። ማኅበሩ ግን አልወደደም፤ ማንኛዋም ኳስ በየትኛውም አቅጣጫ ብትቀመጥ እኩል መብረር አለባት የሚል ሕግ በ1981 አወጣ። እንዲህ ያለውን ልዩነት በማያሻማ መንገድ ሊያሳይ የሚችለው የማይለዋወጥ መቺ ብቻ ነው፤ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አስቀምጦ በአንድ ዓይነት ምት መምታት። አምራቾቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ነገሩም ማኅበሩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ በስምምነት ተዘጋ። ሕጉ ግን ጸና፤ ፖላራም ከውድድር ውጭ ሆና ቀረች። ማኅበሩ ትክክል ነበር። ምትን የምታርም ኳስ የልምምድን ዋጋ ከሥሩ ትነቅለዋለች።

ብረቱ ባይረን ነውር አልነበረውም ማለት አይደለም። ዋናው ጉድለቱ ያው ጥንካሬው ነው፤ አይሳሳትም። ዘወትር የሚመታው በዱላው ፊት መካከለኛ ነጥብ ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ የሚጫወት ሰው ግን አንዴ በጫፉ፣ አንዴ በተረከዙ ይመታል። በፍጹም መቺ ብቻ የተፈተነ ዱላ ፍጹም ላልሆነው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ስለዚህ ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ስሕተትን እንዲማሩ ተደረጉ፤ ዱላውን ከመሐል አውጥተው እንዲመቱ፣ ፊቱን ከፍተው ወይም ዘግተው እንዲመጡ፣ የፈጣኑንም የዘገምተኛውንም አሰነዛዘር እንዲቀዱ። ከእነዚህ አንዱ ኤልድሪክ ይባላል፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ሲሆን፣ ሲነበብ የታይገር ዉድስን የመዝገብ ስም ይሆናል።

ኤልድሪክ በየካቲት 2016 ፊኒክስ ከተማ አቅራቢያ ስኮትስዴል ላይ 16ኛው ጉድጓድ ፊት ቆመ። ይህ ጉድጓድ ዙሪያውን እንደ ስታዲየም በመቀመጫ የታጠረ ነው፤ ርቀቱ በዚያ ቀን 163 ያርድ፣ 149 ሜትር ገደማ ነበር። አራት ጊዜ መታ፤ ቀረብ አለ እንጂ አልገባም። በአምስተኛው ኳሷ አርፋ ጥቂት ተንከባለለችና ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ሕዝቡ በጩኸት ተነሣ። ታይገር ዉድስ ራሱ በ1997 እዚያው ጉድጓድ ላይ በአንድ ምት አግብቶ ነበር፤ ያን ቀን የነበረው ጩኸት ዛሬም ይወራል። ሮቦቱ ግን ሲያገባ እጁን አላነሣም፣ ፊቱንም ወደ ሕዝቡ አላዞረም፤ የተደሰቱት አጠገቡ የቆሙት ሠሪዎቹ ናቸው።

የመለኪያው ቁጥርም ባለበት አልቆመም። መቺዎቹ እየጠነከሩ፣ የእንጨት ራስ ያላቸው ዱላዎች በታይታኒየም እየተተኩ ሲሄዱ የ1976ቱ ፍጥነት አነሰ። ከ2004 ጀምሮ ፈተናው በሰዓት ወደ 193 ኪሎ ሜትር፣ ወሰኑም ወደ 317 ያርድ ከፍ አለ። በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር የረጅም ምት አማካይ በ1980 257 ያርድ ገደማ ነበር፤ በ2023 300 ያርድ ደረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ የሕግ አውጪ አካላት፣ የአሜሪካው ማኅበርና የሴንት አንድሩሱ፣ የፈተናው ፍጥነት በሰዓት ወደ 201 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፣ ወሰኑ ግን ባለበት ይቆያል ብለው አስታወቁ፤ ዛሬ ያለፈች ኳስ ነገ ልትወድቅ ነው ማለት ነው። ልምምዱም ተለውጧል። ከዴንማርክ የመጣው ትራክማን የተባለ ራዳር ከመቺው ጀርባ ቆሞ ቴት በጭቃና በጥብጣብ የቆጠረውን ፍጥነትና እሽክርክሪት በቅጽበት ይናገራል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ በየሕንፃው ስክሪን ፊት ቆሞ ጎልፍ መምታት ከሥራ በኋላ የሚወጣበት መዝናኛ ሆኗል።

ኔልሰን ስሙ በብረት ላይ ከተጻፈ በኋላ 40 ዓመት ኖረ። በስሙ የተጠራው መሣሪያ ሌት ተቀን ሲመታ እርሱ ሮአኖክ ያለው መሬቱ ላይ ከብቶቹን ያረባ ነበር፤ በቴሌቪዥን ውድድር ያስተላልፋል፣ እንደ ቶም ዋትሰን ያሉ ወጣት መቺዎችን ይመክራል። በዕድሜው ማምሻ የያዘው ሥራ ደግሞ አናጢነት ነበር። ቤቱ አጠገብ በሠራው መሥሪያ ክፍል ውስጥ እንጨት እየላገ፣ እየገጣጠመ፣ ጠረጴዛና ሣጥን ይሠራ ነበር፤ በእጁ የሠራውንም ለወዳጆቹ ይሰጣል። በመስከረም 2006፣ በ94 ዓመቱ፣ እዚያው ቤቱ በረንዳ ላይ አረፈ።